እጅጌ ያልሸፈነው ችፌ

ባለፈው እሑድ አንድ ወዳጄ ቤት ለቡና ተጠርቼ ነበር። የ14 ዓመት ልጃቸው በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሳ ጥግ ይዛለች። «ምነው ልጄ፣ አይሞቅሽም?» ብላት እናቷ ቀደመችና «ተዋት እባክህ፣ ችፌዋን ሰው እንዳያይባት ነው» አለችኝ። ሌሊቱን ስታክ ታድራለች። ሐኪሙ ግን «ቀላል ነው» ብሎ ቅባት ጽፎ ሸኝቷታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሕክምና መጻሕፍት ችፌ ቆዳን ያቀላል እያሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ጥቁር ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ይመስላል። ቅላት ብቻ የሚፈልግ ሐኪም ሕመሙን ያሳንሰዋል። «ቀላል» ለተባለ ሕመምተኛ ደግሞ አዲሶቹ መርፌዎች አይታዘዙም።

መድኃኒቱስ አለ። ዱፒክሰንት የተባለው መርፌ በአሜሪካ በ2017 ለአዋቂዎች፣ በ2022 ደግሞ ከስድስት ወር ሕፃን ጀምሮ ተፈቅዷል። ቆዳን በከንቱ የሚያስቆጡ ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የተባሉ መልእክተኞች በሰውነታችን አሉ፤ መርፌው የእነርሱን መንገድ ይዘጋል። ዓይን ሊያስቆጣ ይችላል። በ2024 መጨረሻ የተፈቀደው ኔምሉቪዮ ደግሞ የማሳከኩን መልእክተኛ፣ ኢንተርሉኪን 31ን ያግዳል። ሪንቮክና ሲቢንኮ የተባሉት እንክብሎችም በ2022 ለችፌ ተፈቅደዋል፤ ቶሎ ያስታግሳሉ፣ ነገር ግን ከባድ ኢንፌክሽንና የደም መርጋት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለባቸው።

ዋጋቸው ግን ያስደነግጣል። ዱፒክሰንት ገበያ ሲወጣ የአንድ ዓመቱ 37 ሺህ ዶላር ነበር። ስለዚህ ኢንሹራንስ ከመክፈሉ በፊት የሕመሙን ክብደት የሚያሳይ ማስረጃ ከሐኪሙ ይጠይቃል። ሐኪሙ «ቀላል» ብሎ ከጻፈ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ታዲያ ወገኖቼ፣ ሐኪም ዘንድ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ችፌው በተቆጣበት ቀን ፎቶ አንሡት። ያለ እንቅልፍ ያደራችሁበትን ሌሊት፣ ልጅ ከትምህርት የቀረበትን ቀን መዝግቡ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ እንዲልካችሁ ጠይቁ። ኢንሹራንሱ «አይሆንም» ቢል ሐኪሙ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት ይችላል።

ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ለእናቷም ያልኋት ይህንኑ ነው፦ ልጅቷ ሐኪሙ ፊት እጅጌዋን ትሰብስብ፤ ሌሊቱን እንዴት እንደምታድርም ራሷ ትንገረው።