ካሜራው ታርጋውን ያውቃል፤ ሹፌሩንስ?

መኪናችሁን ከሸጣችሁ ሁለት ዓመት ሆኗችኋል እንበል። ገዢው ስም አላዞረም፤ በውክልና ነው የሚነዳው። አንድ ቀን ቀይ መብራት ጣሰ። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ የሚቀጣው እሱን ነው። ካሜራ ቢይዘውስ? ታርጋውን አንብቦ ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም ደግሞ የእናንተ ነው።

ታርጋ የሚያነቡ ካሜራዎች ነገር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ካሜራው ጥራት ነው። እኛ ግን ችግሩ ያለው መዝገቡ ላይ ነው ባይ ነን።

ለንደንን እንይ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 መሀል ከተማ የሚገባ መኪና በቀን 5 ፓውንድ ይክፈል ሲባል የክፍያ በር አልተሠራም፣ ቲኬት ቆራጭም አልቆመም። ካሜራው ታርጋ ያነባል፣ ኮምፒውተሩ የከፈሉትን ይለያል፣ ላልከፈለው ቅጣቱ በፖስታ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። ይሄ የሚሠራው እዚያ አገር መኪና የሸጠ ሰው ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ወዲያው ማሳወቅ ስላለበት ነው። እንዲያም ሆኖ የሰው ታርጋ አስመስለው የሚያሠሩ አሉ፤ ባልረገጠው መንገድ የሚቀጣ ሰው አለ ማለት ነው። እሱ መጀመሪያ ለተቋሙ፣ ካልሰሙት ደግሞ ገለልተኛ ለሆነ ዳኛ አቤት ይላል።

እኛ ጋ ግን ስም ማዞር ወጪውም ምልልሱም ስለሚከብድ በውክልና ብቻ እጅ በእጅ የሚዞር መኪና ሞልቷል። ሊብሬው አንዱ ጋ፣ መሪው ሌላው ጋ! የሰው መኪና ይዘው በየቀኑ ገቢ እያስገቡ የሚሠሩትን የራይድ ሹፌሮች ጨምሩበት። በዚህ መዝገብ ላይ ካሜራ ቢገጠም ቅጣቱ የሚያርፈው ባላጠፋው ሰው ላይ ነው። የት አቤት እንደሚባል ሳይነገረን ደግሞ ጉዱ ይብሳል።

ሌላም አለ። የለንደን ካሜራዎች የተተከሉት የመንገድ መጨናነቅን ለመቀነስ ነበር። በጁላይ 2007 ግን መንግሥት ፖሊስ መረጃውን እዚያው በዚያው ለፀረ ሽብር ሥራ እንዲያየው ፈቀደ። ካሜራው ያው፣ ሥራው ሌላ።

በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ይዋል የሚል መርህም አለው። ስለዚህ የታርጋ ካሜራ የሚተክል ተቋም ሁሉ ምስሉን ስንት ቀን እንደሚያስቀምጥና ማን እንደሚያየው ከመትከሉ በፊት ይንገረን።

እስከዚያው በውክልና የሸጣችሁ ልጆች፣ ገዢው ጋ ደውሉና ስሙን አዙሩ።