አዞን የት ቆመን እንይ?

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አውራ ጎዳና በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ከመንገዱ ወደ ደቡብ ገባ ሲሉ የአዋሽ ፏፏቴ ይገኛል። ከፏፏቴው በታች አዞዎች አሸዋ ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። በፓርኩ ውስጥ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ስለሆነም ልጆችን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ቦታው ጥሩ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን ጥሩ ትምህርት ቤትም ነው።

ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት «አዞው አፉን ለምን ከፈተ?» ብለው ነው። ተቆጥቶ አይደለም። አዞ አያልበውም፤ ሙቀት ሲበዛበት አፉን ከፍቶ ይበርዳል። ወፍ ገብታ ጥርሱን ታጸዳለታለች የሚለውን ወሬ ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከ2400 ዓመታት በፊት ጽፎታል፤ ሳይንስ ግን እስካሁን አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘለትም። የተረጋገጠው ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። እናቲቱ እንቁላሎቿን ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ከአሸዋው ሥር ሲጮኹ ቆፍራ ታወጣቸዋለች፤ በዚያው በሚያስፈራው አፏ ይዛም ወደ ውኃ ታደርሳቸዋለች።

ይሁን እንጂ አንዳንድ መንገደኞች አዞው እንዲንቀሳቀስላቸው ድንጋይ ወይም ሥጋ ይወረውራሉ። ልብ እንበል! አዞ በቀላሉ ይማራል። ሰው ባለበት ምግብ እንዳለ ካወቀ፣ ሰው ሲያይ መሸሹን ትቶ መቅረብ ይጀምራል። በቆዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች የውኃውን መናወጥ ይነግሩታል። ጀሪካን ስትነከር ያውቃል፤ ዓይንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ይጠጋል። መንገደኛው ስቆ መኪናው ውስጥ ይገባል። ወንዙ ዳር የሚቀሩት ግን ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት የአፋርና የከረዩ እረኞች፣ ውኃ የሚቀዱት እናቶችና ልጆች ናቸው። የጨዋታውን ዋጋ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከፍ ካለው ዳርቻ ሆናችሁ ተመልከቱ። የልጆቻችሁን እጅ ያዙ፤ እግር ለማቀዝቀዝ እንኳ ወደ ውኃው አትውረዱ። ምግብ አትወርውሩ፤ የቤተሰቡን ትራፊ በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹ «አይንቀሳቀስም እኮ!» ብለው ቢያጉረመርሙ ዝም ብለው እንዲጠብቁ ንገሯቸው። ለታገሠ ልጅ ወፎቹ ይመጣሉ፤ አዞውም በራሱ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ከእኛ በኋላ ወደዚያ ወንዝ ለሚወርደው ሰው ማሰብን ከዚያው ይማራሉ።