የአርባ ቀን ዕድል እና ጥንድ ዋኖስ

በደሃ ቤት የተወለደ ሕፃን ሲራብ፣ ሲታመም ወይም ከትምህርት ቤት ሲቀር ከጎረቤት አፍ ቶሎ የምትወጣ ንግግር አለች፤ «ምን ይደረግ፣ የአርባ ቀን ዕድሉ ነው!» ተናጋሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። ብዙ ጊዜ ለማጽናናት ነው፤ ያውም የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ። ሕፃኑ ግን ከዚህ ማጽናኛ የሚያገኘው ነገር የለም። የሚያርፈው ሰሚው ነው፤ ዕድል ከተባለ ማንም አይጠየቅበትምና።

የክርስትና እምነት ስለ አርባኛው ቀን የሚናገረው ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን የካቲት 8 ቀን በዓለ ስምዖንን ስታከብር የምታስበው ክርስቶስ በተወለደ በ40 ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ መወሰዱን ነው። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የዕለቱን መሥዋዕት ሲጠቅስ ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ይላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12ን ላነበበ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የወለደች እናት እንድታቀርብ የታዘዘችው የአንድ ዓመት ጠቦት ነበር፤ ወፍ ብቻ ይዛ የምትመጣው ጠቦት ለመግዛት አቅም ያጣችው ናት። እመቤታችን የቆመችው ከድሆቹ ተርታ ነው። ስለ በረቱና ስለ ግርግሙ ብዙ ይሰበካል፤ ይህቺ የወፍ ነገር ግን በችኮላ ትታለፋለች። በችግር ውስጥ መወለድ የፈጣሪ ፊት መዞር ምልክት ቢሆን ኖሮ ምልክቱ በራሱ በልጁ ላይ ባረፈ ነበር።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አይተው ጥፋቱ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠይቀዋል። ክርስቶስ ሁለቱንም አልተቀበለም። ጭቃ አበጅቶ የሰውየውን ዓይን ቀባ። ድህነትን የእምነት ማነስ የሚያደርጉት የዘመናችን የብልጽግና ወንጌል ሰባኪዎች እዚህ ምዕራፍ ላይ ቆም ቢሉ መልካም ነው፤ ገና እናቱ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን ምን ባያምን ነው የተራበው?

በደሃና በሀብታም ልጅ መካከል ያለው ልዩነት በሥጋ የሚታይ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በኑሮ መጨረሻ እርከን ላይ ካሉ ቤተሰቦች ልጆች 45 በመቶው፣ ከላይኛው እርከን ደግሞ 26 በመቶው ቀንጭረዋል። መቀንጨር የሚጀምረው ከማህፀን ነው፤ ቁመትን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ዕድገትንም ይጎዳል፤ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የጎደለውን መመለስ ይከብዳል። ዕድል የተባለው ነገር እንግዲህ ከፊሉ እርጉዟ የበላችውና ያልበላችው ነው።

ዕድል ካልሆነ ደግሞ ተጠያቂ አለው። ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንጾኪያ ላይ ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ሲሰብክ ካለው ላይ ለድሃ አለማካፈልን ስርቆት ብሎታል። ይህን ትምህርት ከብዙ ሰባኪ በተሻለ በኑሮዋ ያሳየች አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች።

አበበች ጎበና ራሷ በተወለደች በወሩ ገደማ አባቷን በጣሊያን ወረራ ጦርነት ያጣች፣ በልጅነቷ ያለ ፈቃዷ ተድራ ወደ አዲስ አበባ የጠፋች ሴት ናት። በፈረንጆች 1980 ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሄዳ ረሃብ ላይ ደረሰች። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አየች። ይዛው የነበረውን ዳቦና ጠበል አካፈለች፤ ሁለት ሕፃናትም ይዛ ተመለሰች። ዓመት ሳይሞላ በቤቷ ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባሏና ዘመዶቿ ተቃወሙ፤ እሷ ልጆቹን መረጠችና ከቤት ወጣች። በ2013 ዓ.ም. እስካረፈች ድረስ በመሠረተችው ድርጅት በኩል ለቁጥር የሚታክቱ ልጆች አድገዋል። የእነዚያ ሁለት ሕፃናት የአርባ ቀን ዕድል ተብሎ ሊታለፍ ይችል የነበረው ረሃብ አንዲት ተሳላሚ ስትቆም ተለወጠ።

እንደ አበበች ሁሉን ጥሎ መውጣት ከማንም አይጠበቅ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ግን ከጥንት የያዘችው ሥርዓት አላት። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆምላቸዋል። ዛሬ አበልጅ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እኩያ ከእኩያ ነው። ነጋዴው ለነጋዴው ልጅ የአንገት ወርቅ ይሸልማል፤ የቀን ሠራተኛው እንደሱ ያለውን የቀን ሠራተኛ ይለምናል። ሰበካ ጉባኤውና የንስሐ አባቶች ይህን መቀየር ይችላሉ፤ የትኛው ቤት ችግር እንዳለ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አቅም ያለው ምእመን አቅም የሌለው ቤት ልጅ ክርስትና ያንሳ፤ ከዚያም ለአራሷ በምግብ፣ ለቤተሰቡ በጤና መድን መዋጮ፣ ልጁ ለትምህርት ሲደርስም በደብተርና በዩኒፎርም ይድረስ።

እንዲህ ያለው ድጋፍ ፍሬ አለው። በፈረንጆች 2013 የታተመ የኢኮኖሚስቶች ጥናት ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ በስድስት አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ተመልክቶ፣ ኮምፓሽን በተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት አማካይነት ደጋፊ ያገኙ ልጆች ካላገኙት ከአንድ ዓመት በላይ ብልጫ ያለው ትምህርት መማራቸውን አሳይቷል።

ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው። ምጥ ሌሊት ሲመጣ የባጃጁን ሒሳብ የሚከፍል፣ አራሷ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ገንፎውን የሚያገነፋ ግን የሰፈር ሰው ነው፤ አበልጅ ቢሆን ደግሞ ስልኩ ከወዲሁ በእናቲቱ እጅ ይኖራል።