ብልሃት ሁሉ ጥበብ ነውን?

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፥ ዋጃ ላይ፥ በአንዲት ሻይ ቤት ግድግዳ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕል ተሰቅሎ አይቻለሁ። ይህ ሥዕል በአገራችን የታወቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ሣጥን ተከፍሎ፥ ከዘንዶው አንሥቶ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ያለውን ታሪክ በተራ ይተርካል። የዛሬ ልጆች ኮሚክ ለሚሉት የሥዕል ታሪክ የቅርብ ዘመድ ነው።

ከሥዕሉ ሥር ሦስት ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው፥ ነገር ዐዋቂ መሳይ፥ ሣጥን ከሣጥን በጣቱ እያሳየ ለጓደኞቹ ይተርክላቸዋል። ንግሥቲቱ ሌሊት ውሃ ከምትጠጣበት ሲደርስ ጠረጴዛውን መትቶ «ወንድ እንዲህ ነው! አላስገደዳትም፤ ራሷ ናት የጠጣችው። ጥበብ ማለት ይህ ነው» አለ። ሁሉም ሣቁ። ሻይ የምትቀዳው ልጅ ግን አልሣቀችም፤ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ሒሳቤን ከፍዬ ዝም ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን መናገር ሲገባኝ ስላልተናገርሁ ዛሬ እጽፋለሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ! አካሄዱን አስተውለኸው እንደ ሆነ፥ ታሪኩ በሦስት ማታለል ላይ የቆመ ነው። መጀመሪያ አጋቦስ ሕዝቡን ሲያስገብር የኖረውን ዘንዶ መርዝ ባበላት ፍየል ይገድለዋል። ቀጥሎ ሰሎሞን እንግዳዪቱን ያታልላል። በመጨረሻም የእስራኤል በኵሮች ታቦተ ጽዮንን ሰውረው ያመጣሉ። ሦስቱም ብልሃት ይባላሉ፤ ሣጥኖቹም እኩል ናቸው። የአድራጊዎቹ ልብ ግን እኩል ነውን? አጋቦስ ያታለለው አውሬን ነው፤ ሕዝቡንም ከግብር አድኗል። (በርግጥ ዙፋኑንም አግኝቶበታል፤ ይህም አይረሳ።) ስለ ታቦቱ ሊቃውንት ይነጋገሩበት፤ እኔ አልገባበትም። ጠቤ ከመካከለኛው ጋር ነው።

በ14ኛው መቶ ዓመት ንቡረ እድ ይስሐቅ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ግእዝ የመለሰው ክብረ ነገሥት ነገሩን አይሸሽገውም። ማክዳ የመጣችው ጥበብ ልትሰማ ነው። ሰሎሞን ግን የሚያቃጥልና ውሃ የሚያስጠማ ምግብ አስቀረበላት፤ በግድ ላይነካት ሲምል፥ እርስዋም ከቤቱ ምንም ላትወስድ አስማላት፤ ከዚያም የተኛ መስሎ ጠበቃት። ለምን እንዳደረገውም መጽሐፉ ይናገራል፤ ከብዙ ሴቶች ብዙ ልጆች ወልዶ የጠላቶቹን አገር እንዲወርሱለት ያስብ ነበር። ሥዕሉ ይህን ሐሳብ አያሳይም፤ ገበታውን፥ የውሃውን ዕቃ፥ የተያዘውን እጅ ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ተመልካቹ የጐደለውን ምክንያት ከራሱ ልብ አውጥቶ ይሞላዋል። የሻይ ቤቱ ወጣት የሞላው የራሱን ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 አሜሪካኖቹ ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ ባወጡት የሸረሪት ሰው ታሪክ፥ ኃይል ያገኘው ልጅ ሊይዘው ሲችል አንድ ሌባ ያሳልፋል፤ ያው ሌባ በኋላ አጎቱን ይገድልበታል። እነዚያ ሰዎች የጀግናቸውን ጥፋት ብልሃት ብለው አልጠሩለትም፤ ተከታዩን ታሪክ ሁሉ አሸከሙት እንጂ።

«ራሷ ጠጣች» ማለትስ ምን ማለት ነው? ይህን ከሁሉ ይልቅ የራያ ቆላ ልጅ ሊለው አይገባም ነበር። በግንቦት የዋጃ ፀሐይ ምን እንደምታደርግ ያውቃል። በደጃፍ ቆሞ «ውሃ አጠጡኝ» ያለውን መንገደኛ እናቱ ከየት መጣህ፥ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ሳትል ሞልታ ስታቀርብለት አይቶ አድጓል። እንግዳን ሆን ብሎ አስጠምቶ በውሃው ዋጋ መጠየቅ በእናቱ ቤት ምን ይባላል? የተጠማ ሰው እሺታ እሺታ አይደለም።

«ምኒልክ የተወለደው በዚሁ አይደለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ዮሴፍም በመሸጡ የያዕቆብ ቤት ከረኃብ ድኗል፤ ወንድሞቹን ስለ ሽያጩ የሚያመሰግን ሰባኪ ግን ሰምቼ አላውቅም። ደግሞም ክብረ ነገሥት ሰሎሞንን በድል አያሰናብተውም፤ በዚያችው ሌሊት ፀሐይ ከእስራኤል ተለይታ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ በሕልሙ አየ ይላል። ወጣቱ ትረካውን ከዚህ ሳይደርስ አቆመው፤ ጭብጨባ የሚገኘው ከዚያ በፊት ነውና።

አንድ ሣጥን ቀርቶኛል። በብዙዎቹ ሥዕሎች አገልጋይቱም ተጠምታ ትጠጣለች፤ እርስዋም ትፀንሳለች። አንዳንዶች የዛጉዌን ነገሥታት ዘር ከርስዋ ልጅ ይቈጥራሉ። እርስዋን ግን ማንም አላስማላትም፤ ስሟንም የሚያነሣ የለም፤ ወጣቱም በጣቱ ዘለላት። ሻይ የምትቀዳው ልጅ ብርጭቆ ይዛ ቆማ ስትመለከት የነበረው የትኛውን ሣጥን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።