ዋናው አከራይ ማነው?

አከራይ ተከራይን ይረግማል። ተከራይ አከራይን ይረግማል። ሁለቱን አናክሶ ከዳር በመቆም "እኔ ገላጋይ ነኝ" የሚለውን ግን ማንም አይረግመውም። ጎበዝ! ዛሬ እስቲ ስለ እሱ እናውራ።

ነገሩ የተበላሸው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ከዚያ የተረፈው ሁሉ የመንግሥት። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየውን ቀበሌ ያዘው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ኪራይ ቤቶች ወሰደው። ማከራየት የመንግሥት ብቻ ሥራ ሆነ። ፊውዳሉ ተመታ፣ ተጨበጨበ። ግን ጠላና አረቄ ሸጣ "ጡረታዬ ይሆኑኛል" ብላ ሁለት ክፍል የቀጠለችው ባልቴትስ? እሷም ከፊውዳሉ ጋር አብራ ተመታች! ኪራዩ ረከሰ፤ ቤቱን የሚያድስ ግን ጠፋ። ጣራው ሲያፈስ ተከራዩ "የመንግሥት ነው" ይላል፤ ቀበሌው "በጀት የለም" ይላል። ዝናቡ ግን ማንንም አያስፈቅድም።

ደርግ በ1983 ሄደ። መንፈሱስ መች ሄደ? ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይተውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገው። ሊዝ የሚሉት ነገር ደግሞ በ1986፣ በ1994 እና በ2004 በአዋጅ እየታደሰ መጣ። በቀላል አማርኛ፣ የከተማ ቦታ የሚያቀርበው አንድ ባለሱቅ ብቻ ነው ማለት ነው። ሲሻው ይከፍታል፣ ሲሻው ይቆልፋል። በጨረታ የተወደደው ቦታ ዞሮ ዞሮ የሚጫነው ተከራዩ ላይ ነው።

እስቲ የአንዱን ትንሽ አከራይ ሂሳብ እንሥራ። ሰውየው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት እንበል። 20 በመቶውን ከፈለ፣ ለቀረው የባንክ ዕዳ ገባ። እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይችልም። ቤቱን ሲረከብ ወለሉንና ቀለሙን ራሱ ጨረሰ። አሁን ቢያከራየው ከኪራዩ ላይ የባንኩ አለ፣ የኪራይ ገቢ ግብሩ አለ፣ የደላላው አለ፣ የተሰበረው ቧንቧ አለ። ሁለት ወር ባዶ ከዋለ ደግሞ ከኪሱ ነው። እኮ ይሄ ነው ከበርቴ?

ይህን ስንል አከራይ መልአክ ነው ማለታችን አይደለም። የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈላችሁ፣ ልጅ ካላችሁ አላከራይም፣ እንግዳ አያድርም፣ ልብስ በሳምንት አንዴ! በየሦስት ወሩም "ጨምሩ ወይ ልቀቁ"! ይሄ ነውር ነው። ንግድም አይደለም። በወሩ የሚከፍልና ቤቱን እንደ ራሱ የሚይዝ ተከራይ ማግኘት ከጭማሪ የሚበልጥ ትርፍ መሆኑን ያላወቀ፣ ማከራየት አያውቅም።

በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፤ ቅድሚያ ከሁለት ወር አይብለጥ፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚወስነው መጠን ይሁን ተባለ። ለተከራይ እፎይታ ነው፣ አንክድም። ግን በዚያው ዓመት ፒያሳ ላይ ዶዘር ምን ይሠራ ነበር? ቤት ያፈርስ ነበር! የቀበሌ ቤት ያለው ምትክ ቢሰጠው እንኳ ከእሱ ዘንድ በደባልነት የኖረው የት ይግባ? በአንድ እጅ ኪራይ እየወሰኑ በሌላው እጅ የሚከራየውን ማፍረስ ምን የሚሉት ፖሊሲ ነው? አንዲት ክፍል ሦስት ሰው ሲሻማባት ውሉ ላይ አንድ ዋጋ ተጽፎ በእጅ ሌላ እንዳይከፈል የሚጠብቅ ዘብ ከየት ሊመጣ ነው?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ቦታው ለሚሠራ ሰው በአቅሙ ይከፈት። በጥሪቱ ሁለት ክፍል ሠርቶ የሚያከራየው ሰው እንደ ሌባ አይታይ። ተከራይም በውሉ ይከበር። መንግሥትም ሌላውን አከራይ ከመቆጣጠሩ በፊት በ1967 ወርሶ እያፈሰሰ ያኖራቸውን ቤቶች ጣራ ይመልከት።

አከራይና ተከራይ ሆይ! እርስ በርስ መናከሱን ተዉትና ጥያቄያችሁን ለዋናው አከራይ አቅርቡ። ዋጋ በአዋጅ ይወሰን ይሆናል፤ ጣራ ግን በአዋጅ አይቆምም!