ሁለቱም ጋ የጠፋው ፎቶ

«ፎቶዎቻችን የትም አይሄዱም፤ ስልኬ ከታብሌቱም ከላፕቶፑም ጋር ሲንክ ተደርጓል።» ይህን ከወዳጆቼ አዘውትሬ እሰማለሁ፤ እናንተም ቤት ሳይባል አልቀረም። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ የአራት ዓመቷ ልጃችሁ ታብሌቱን ስትነካካ የልደቷን ፎቶዎች አንድ በአንድ ብትሰርዛቸው፣ ስልካችሁ ላይ ያሉት ምን ይሆናሉ?

አብረው ይጠፋሉ። የሲንክ ሥራ በተለያዩ ቦታዎች ያለውን ነገር አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። አንዱ ጋ የገባውን ሌላው ጋ ያስገባል፤ አንዱ ጋ የተሰረዘውን ሌላው ጋ ይሰርዛል። በስሕተት ይሁን ታስቦበት አይለይም። ባክአፕ ግን የትናንቱን እንደ ትናንት ያስቀምጣል፤ የዛሬው ጥፋት ወደዚያ አይሻገርም። አንዱን እንደ መስታወት፣ ሌላውን እንደ ፎቶ ቁጠሩት። ከመስታወት ፊት ዞር ስትሉ ምስላችሁም አብሯችሁ ይሄዳል፤ ፎቶው ግን ባለበት ይቀራል።

ይህ ነገር የሰርቨር ባለሙያዎችንም አስደንግጧል። ጊትላብ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃንዋሪ 31 ቀን አንድ ባለሙያው ከዋናው ሰርቨር ጋር እኩል መሄድ ያቃተውን ሁለተኛውን ሰርቨር አጽድቶ እንደገና ሊያመሳስል ፈለገ። ትዕዛዙን የሰጠው ግን ዋናው ላይ ሆነ። ወዲያው ቢያስቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው አምስት እንኳ አልሞላም። ድርጅቱ አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበረው፤ በጭንቅ ሰዓት ሲፈተሽ ግን አንዱም በወጉ አልሠራ አለ። የደረሰላቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ ተብሎ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። የእነዚያ ስድስት ሰዓታት መረጃ ቀረ። ሁሉንም ሳይደብቁ ለሕዝብ መንገራቸውን ግን አደንቃለሁ፤ በእኛ በማርኬቲንግ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ድፍረት ብዙም አይታይም።

ሁለተኛው ታሪክ ልጆቻችሁን ይመለከታል። ቶይ ስቶሪ 2 ገና እየተሠራ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ፒክሳር ውስጥ አንድ ሰው በስሕተት የሰጠው ትዕዛዝ የፊልሙን ፋይሎች ያጠፋቸው ጀመር። ሠራተኞቹ እያዩ ገጸ ባሕርያቱ ተራ በተራ ከኮምፒውተሩ ጠፉ። ባክአፑም በትክክል ሲሠራ አልነበረም፤ ያንን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ፊልሙን ያተረፈችው ጌሊን ሰስማን ናት። በቅርቡ ወልዳ ስለነበር ከቤት ሆና ትሠራ ነበርና ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ነበራት። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ተጠንቅቀው፣ በመኪና ወደ መሥሪያ ቤቱ አመጡት።

እንግዲህ የሚሊዮን ዶላሮች ፊልም የተረፈው ከዋናው ሰርቨር ጋር ባልተያያዘ፣ ሌላ ቤት በተቀመጠ ቅጂ ነው። የእናታችሁን ድምፅ የያዘው ቪዲዮ ደግሞ እንደ ፊልም እንደገና አይሠራም።

ወደ ስልካችን እንመለስ። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ሲሰረዝ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ያቆይላችኋል፤ አይፎን ደግሞ 30 ቀን። ልጃችሁ የሰረዘችውን በዚህ ጊዜ ውስጥ ካያችሁ ትመልሱታላችሁ። ግን የሦስት ዓመት በፊት አልበም እንደጠፋ በስንት ቀን ትደርሱበታላችሁ? በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይትም ከኢሜይላችሁ ጋር የሚካፈል ነው፤ ሲሞላ አዲሱን ፎቶ መቀበል ያቆማል። የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ደግሞ ስንቶቻችን በጣታችን ገፋ አድርገን እናልፈዋለን።

ቴሌግራምን እንደ ቁም ሣጥን የምትጠቀሙም አላችሁ። ፎቶውን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ላኩት። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ በምታወሩበት ገጽ ላይ ደግሞ ያ ሰው ፎቶውን ከእናንተም ጭምር ማጥፋት ይችላል፤ ስለዚህ የምትወዱትን እዚያ ብቻ አትተዉት።

እኔ የምመክረው አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። በወር አንድ ቀን ፎቶና ቪዲዮውን ገልብጡበትና ንቀሉት። መንቀሉን አትርሱ፤ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ ኮምፒውተሩን ያገኘ ቫይረስ ሁሉ ያገኘዋል። የድሮውን አጥፍታችሁ አዲሱን አትተኩ፤ በየወሩ አዲስ ፎልደር ክፈቱለት። ከዚያ እህታችሁ ወይም አማታችሁ ቤት ይቀመጥ። የእናንተ ቤት ቢዘረፍ ላፕቶፑና ዲስኩ አብረው አይሄዱም።

የጊትላብን ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ በሁለት ሦስት ወር አንዴ ዲስኩን ሰክታችሁ ከመካከል አንድ ቪዲዮ ክፈቱ። የፋይሉን ስም አይታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ እስከ መጨረሻው አጫውቱት፣ ድምፁም መኖሩን ስሙ። አማታችሁ ቤት ቡና እስኪፈላ ድረስ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ልጆቹም ዙሪያውን ከበው ማየታቸው አይቀርም።