ክራክ ከማስጫን ሊኑክስ እንልመድ



ከመካነ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ነው። አልከፈልንበትም፤ ባለቤቱም አልፈቀደልንም። የሰው ሐቅ ደግሞ ቀላል አይደለም። «አቅም የለንም» እንላለን፤ አማራጭ ግን አለ።

ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፤ ማባዛትም ለሌላ መስጠትም የተፈቀደ ነው። የወሎ ደረሳ የሸኹን ኪታብ እየገለበጠ ዒልም እንዳሰራጨው ማለት ነው። በኡቡንቱ ላይ የሶላት ወቅት ማሳወቂያና የቁርኣን ፕሮግራም ጨምረው «ሰቢሊ»ን ያዘጋጁ ሙስሊሞችም ነበሩ።

ጀማሪ አይፍራ። ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ አስነስቶ፣ ዊንዶውሱን ሳያጠፋ መሞከር ይችላል። መጀመሪያ ፋይል መክፈትና በአማርኛ መጻፍ ይልመድ፤ ቀጥሎ ተርሚናል ላይ በቀን አንድ ትእዛዝ ይያዝ። ለመጫን ከወሰነ አስቀድሞ ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ያስቀምጥ።

ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ማውረድ ይከብዳል። ደሴና አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፍላሽ ላኩልን። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም ለእረፍት ስትመጡ ታናናሾቻችሁን አስተምሩ። ቦረና ላይ አንዱ ለአስር ያባዛዋል፤ ይህ ማባዛት ሐቅ የለበትም።

ጠቃሚ ዒልም ሶደቀቱል ጃሪያ ነው። አላህ ያግራልን።